አራት ነጥብን ያሳሳተው ነጥብ

ባለቤቴን ሰፈሩ በሙሉ «አራት ነጥብ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው የለም፤ እኔም ካልተናደድኩ በቀር ትዝ አይለኝም። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ማተሚያ ቤት አብረውት ይሠሩ የነበሩት ናቸው። እዚያ አራሚ ነበር። ጸሐፊዎቹ የተየቡትን ይቀበልና መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ጨብጦ፣ የጎደለውን ሲሞላና የተረፈውን ሲሰርዝ ነው የኖረው። ከስህተት ሁሉ አብልጦ የሚጠላው አንድ ነበር። አንዳንዱ ጸሐፊ ዐረፍተ ነገር ሲያልቅ አራት ነጥቡን ፈልጎ መምታት ይታክተውና የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ መትቶ ያልፋል። እንዲህ ነው፦ «::»። ለእኔ ያው ነው። አራት ናቸው፣ ነጥብም ናቸው፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? ለእሱ ግን አይደለም።

«ይሄ አራት ነጥብ አይደለም» ይላል፣ «የአራት ነጥብ ልብስ የለበሰ ሌባ ነው።»

የተዋወቅነውም በዚሁ ሌባ ምክንያት ነው። እኔ ፔንሲዮን ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፤ ያኔም እዚያው ነበርኩ። የፔንሲዮኑ ባለቤት በየበሩ ጀርባ የሚለጠፍ «ከእንግዶች የሚጠበቅ» የሚል ወረቀት አስተይበው አሳትሚ ብለው ላኩኝ። ማተሚያ ቤቱ መስኮት ላይ የተቀመጠው ቀጭን ሰውዬ ወረቀቱን አየት አደረገና መልሶ ገፋልኝ።

«አላለቀም» አለኝ።

«ምኑ ነው ያላለቀው?»

«አንዱም ዐረፍተ ነገር አላለቀም። ሁሉም እየሄዱ ነው።»

ይዤው ተመለስኩ። አስተካከልን ብለው እንደገና ላኩኝ፤ እንደገና መለሰኝ። ባለቤትየው ሊያንቁኝ ደረሱ። በመጨረሻ ራሱ አስተካክሎ፣ አሳትሞ፣ ደህና ተለጥፎ እንደሆነ ልይ ብሎ ፔንሲዮኑ ድረስ መጣ። በየክፍሉ እየገባ በሮቹን አየ። አንዱ ወረቀት ጠመም ብሎ ነበርና ነቅሎ ለጠፈው። ከዚያ ወዲያ በሰበብ በአስባቡ መምጣት አበዛ። እኔም ምን ልሁን፣ ለወረቀት እንዲህ የተጨነቀ ለሰው አያንስም ብዬ አገባሁት። ብዙም አልተሳሳትኩም።

ማተሚያ ቤቱ አዲስ ማሽን ያስገባ ጊዜ አራሚ አያስፈልገንም አሉት። ስህተቱን ማሽኑ ራሱ ያያል ተባለ። ሽኝት ተደረገለት፤ የሽኝቱ ወረቀት ላይ ሦስት ስህተት አገኘ።

ቤት መዋል ሲጀምር ነው ጉድ የፈላው። ሃያ ዓመት በሙሉ ሲያርም የኖረ ዐይን ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። የመድኃኒት ካርቶን አረመ። የውኃ መሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ግንቡ ላይ እንደተለጠፈ አረመ። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ የተሰቀለው የዋጋ ሰሌዳ ላይ አንዲት ፊደል በቀይ ቢያስተካክል ሰው ሁሉ ዋጋ የተለወጠ መስሎት ተከራከረ። ፀጉር አስተካካዩ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «እባክሽ እህቴ፣ ባልሽን ያዢልኝ» አለኝ። በምን ልያዘው?

ታላቅ እህቱ፣ እትዬ፣ የበር ቁልፍና ማጠፊያ፣ ምስማርና ቡሎን የሚሸጥ ሱቅ አላት። «ሱቅ ይምጣና ይቀመጥልኝ፤ እኔም ወገቤን አሳርፋለሁ» አለች። እሱ ግን ሊሰማ አልፈለገም። ሱቁ መጥፎ ሆኖ አይደለም። «ምስማር ስህተት የለውም» ይላል። «እዚያ እኔን የሚፈልግ ነገር የለም።»

ያሳዘነኝ ይህቺ ቃሉ ናት። ሥራ አጣሁ ብሎ አያውቅም። የሚፈልገኝ አጣሁ ነው የሚለው።

መፍትሔውን ያመጣችው የእትዬ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ቀልደኛ ልጅ ነች። አንድ ቀን ቢሮዋ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክማ መጣችና ጠረጴዛችን ላይ አኖረችው። ያለን ጠረጴዛ አንድ ነው። እንበላበታለን፣ እኔም የፔንሲዮኑን አንሶላ ቤት ሳመጣ እተኩስበታለሁ። ማለቴ እተኩስበት ነበር።

«አጎቴ» አለችው፣ «ሰዎች በነፃ ተባብረው የሚሠሩት አንድ ፕሮግራም አለ። ማንም ገብቶ ማየት፣ ማንም ማረም ይችላል። ኦፕን ሶርስ ይሉታል።»

«ማንም?» አለ፣ መነጽሩን እያወጣ።

«ማንም። ፕሮግራሙ አንድን ኮምፒውተር ብዙ ኮምፒውተር ያደርገዋል። ቨርችዋል ማሽን ይባላሉ። ትልቁ አስተናጋጅ ነው፤ ውስጡ ያሉት ደግሞ እንግዳ ይባላሉ። እያንዳንዱ እንግዳ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ያለ ነው የሚመስለው።»

«ፔንሲዮን ነዋ» አልኩ እኔ ከወጥ ቤት።

ልጅቷ ሳቀች። «ልክ ነሽ፣ ፔንሲዮን ነው! እንግዶቹን እንዴት እንደሚያስገቡ፣ እንዴት እንደሚያስወጡ የሚናገር ትልቅ መመሪያ አለው። የጻፉት ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም እንደየአመሉ ነው የጻፈው። አንዱ ዝርዝሩን በኮከብ ይጀምራል፣ ሌላው በሰረዝ። ርዕሱ አንድ ቦታ ትልቅ ነው፣ ሌላ ቦታ ትንሽ። ፕሮግራሙን ለመሥራት የሚሻማ ሞልቷል። መመሪያውን የሚያስተካክል ግን የለም፤ ሁሉም ይሰለቸዋል።»

ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ያን ቀን የሳበውን ወንበር ዛሬም አልመለሰውም።

እንግሊዝኛውን ሲያነበው አይቸገርም፤ ማተሚያ ቤት ብዙ አርሞበታል። ሲናገረው ብቻ ነው ሰው የሚጨንቀው። ደግነቱ እዚያ ንግግር የለም፤ ሁሉም በጽሑፍ ነው። እሱ ያረመውን ይልካል፣ ከወዲያ በኩል መመሪያውን የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ አለ፣ አይቶ ያስገባል ወይም ይመልሳል። እኔ ሰውዬውን «ዘበኛው» ነው የምለው። ሳይፈትሽ አያስገባማ።

መጀመሪያ የላከው ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ቃል ሁለቴ ተጽፎ አንዱን ሰረዘ። ዘበኛው «አመሰግናለሁ» ብሎ አስገባው። ባለቤቴ ያቺን «አመሰግናለሁ» አንብቦ ተነሣ፣ ቤቱን ዞረ፣ ተመልሶ አነበባት። ከዚያ ርዕሶቹን ያዘ። ለካ እዚያ መመሪያ ውስጥ ከርዕሱ ሥር መስመር ይሰመራል፤ መስመሩም ከርዕሱ ማነስ የለበትም። ያጠረ መስመር ሲያገኝ፣ «ቀሚሷ አጥሯል» ይልና ያስረዝማል። ከየመስመሩ መጨረሻ ደግሞ የማይታይ ክፍት ቦታ ተረስቶ ይቀራል አለኝ።

«ካልታየ ምን አደረገህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንቺ አንሶላውን ፍራሹ ሥር የምታጥፊው ማን ሊያየው ነው?»

እዚህ ላይ ረታኝ። አልዋሽም።

እትዬ እየመጣች ትቀልድበታለች። በሩን ሳታንኳኳ ገብታ፣ «አራት ነጥብ! ዛሬስ ምን ለቀምክ?» ትለዋለች።

«ክፍት ቦታ፣ እትዬ።»

«ክፍት ቦታ! ወንድሜ ክፍት ቦታ ለቃሚ ሆነልኝ! ሱቄ ውስጥ ወንበሩ ክፍት ቦታ ሆኖ ተቀምጧል፣ እሱን አታነሣልኝም?» ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ «አንቺስ ሴትዮ፣ ሳህኑን ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ ትበያለሽ?»

«ለመድኩት፣ እትዬ» አልኳት። «ወጡ ቀሚሴ ላይ ካልፈሰሰ ጥሩ ነው።»

ነገሩ የከረረው እትዬ ወገቧን የታመመች ጊዜ ነው። መጥታ ተቀመጠችና ያለ ቀልድ ተናገረች። «ወንድሜ፣ እኔ መቆም አልቻልኩም። ወይ አንተ ግባ፣ ወይ ባዳ ልቅጠር። ቁርጡን ንገረኝ።»

ያን ሰሞን ትልቅ ሥራ ይዞ ነበር። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ አስተካክሎ ሊልክ ነው። ኮምፒውተሩን አየ፣ እህቱን አየ። «ይሄ የያዝኩት ሥራ ተቀባይነት ካገኘ፣ በዚህ ዐይኔ የሚፈልገኝ አለ ማለት ነው፤ ተዪኝ» አለ። «ከመለሱብኝ ግን ሰኞ ሱቅ እገባለሁ። ኮምፒውተሩንም ለልጅሽ እመልሳለሁ።»

«ሰው ይስማ!» አለች እትዬ፣ ወደ እኔ እያመለከተች።

እኔ ሰማሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ጠረጴዛዬን አገኛለሁ የሚል ነበር። ሁለተኛው ግን በሽኝቱ ቀን የነበረው ፊቱ ነው። ከሁለቱ የቱን እንደምመኝ ሳላውቅ አንሶላ መተኮስ ጀመርኩ፤ አልጋ ላይ።

አሁን ስህተቱ ጋ ደረስን። መመሪያውን ገጽ በገጽ ሲያስተካክል ከዚህ በፊት ያልነካቸው ገጾች ውስጥ ገባ። እዚያ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ያንን ሌባ! በየአንቀጹ መጨረሻ «::» ቆሟል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ!

ከወንበሩ ብድግ አለ። «እዚህም መጥቷል!» ብሎ ሲጮህ እሳት የተነሣ መስሎኝ ሮጥኩ። እያሳየኝ ይስቃል፣ ይናደዳል። የሚያውቀውን ጠላት ባሕር ማዶ እንዳገኘ ሰው ሆነ። «የእኛ ሰው ነው የጻፈው» አለ። «ሌላ ማን እንዲህ ያደርጋል? እንግሊዝኛ በአንዲት ነጥብ ነው የሚያልቀው።» ኮምፒውተሩን «::» የሚለውን እየፈለግህ በአንዲት ነጥብ ተካ አለው። በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ጠፉ። የእህቱ ልጅ ከመላክህ በፊት መመሪያው ሲታተም ምን እንደሚመስል አይተህ ላክ ብላው ነበር፤ እሱ ግን፣ «በዐይኔ አይቼዋለሁ፣ ከዐይኔ የበለጠ ምን አለ?» ብሎ ላከው። ያን ቀን ምሳውን አጣጥሞ በላ።

መልሱ የመጣው ዓርብ ከሰዓት ነው። ከፔንሲዮን ስመለስ ኮምፒውተሩ ፎጣ ለብሷል። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ጫማ መቦረሽ የጠላውን ቀን የሚቀበልበት መንገድ ነው።

«ምን አሉ?»

«በዚህ መልኩ አልቀበለውም አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይበል? አላነበብኩትም። አልቀበለውም ካለ አልቀበለውም ነው።»

ለሰው ወረቀት ሦስቴ የሚያነብ ሰው የራሱን ደብዳቤ ግማሹን ብቻ አንብቦ ፎጣ ያለብሳል።

ሰኞ ሱቅ ገባ። እትዬ የነገረችኝ እንዲህ ነው፤ ምስማሩን በቁመት፣ ማጠፊያውን በስፋት ደርድሮ ሱቁን አሳመረው። ገዢ ሲመጣ ግን ከድርድሩ ሲያነሡበት ፊቱ ይጠቁራል። አንድ አናጢ አንዲት ቡሎን ከመሐል ቢያነሣ፣ «ከዳር አይሻልም?» አለው። አናጢው «ይሄ ሰውዬ ሻጭ ነው ዘበኛ?» ብሎ ወጣ። እትዬ ይህን ስትነግረኝ ስቃ ስቃ ወገቧን ያዘች። «ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አያወጣም» አለችኝ። «ወንበር ነው ያመጣሁት እንጂ ወንድሜን አላመጣሁም።»

ቤትም ያው ነው። ኮምፒውተሩ ከነፎጣው ወደ ጥግ ተገፍቶ ጠረጴዛዬ ተመለሰልኝ። እራት አቀረብኩበት፤ ሁለታችንም ፊት ለፊት ተቀምጠን በላን። አልጣመኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እያየ ይበላል፣ ቀን መቁጠሪያው ላይ ስህተት አለ፣ እሱ አይናገርም። ከዚያ የከፋ ነገር አላየሁም።

የእህቱ ልጅ ኮምፒውተሩን ልትወስድ ስትመጣ፣ «ቆይ መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቢልኝ፣ እሱ እንደሆነ ግማሹን ነው ያነበበው» አልኳት። እሱም ከሱቅ ተመልሶ እዚያው ነበር፤ ጫማውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል፣ «ተቀመጥ!» አልኩት፣ እናቱ ባወጣችለት ስም ጠርቼ። ተቀመጠ።

ልጅቷ ፎጣውን ገልጣ አነበበች፣ ወደ እኛ ቋንቋ እየመለሰች። «‘ሰላም። ሥራህን በዚህ መልኩ አልቀበለውም። ይህን ሁሉ ስለደከምክበት አመሰግናለሁ። ርዕሶቹ ጥሩ ናቸው። ክፍት ቦታዎቹ ጥሩ ናቸው። ዝርዝሮቹ ከዚህ በፊት እንዲህ አምረው አያውቁም። ግን ሁሉንም :: ለምን ገደልካቸው?’» ቀና ብላ አየችው። «አጎቴ! ሁለቱን ሁለት ነጥቦች አጠፋሃቸው?»

«ሌባ ናቸዋ!»

«እዚህ ሌባ አይደሉም። እዚህ ትእዛዝ ናቸው! ‘ከዚህ በታች ያለውን እንዳለ አስቀምጥ፣ አትንካው’ ማለት ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት ትእዛዞች ሁሉ በእነሱ ነው መስመር መስመራቸውን የሚይዙት።» መመሪያው ታትሞ የሚመስለውን አወጣችና አሳየችው። እኔም በትከሻው ላይ አየሁ። በየመስመሩ የነበረው ሁሉ ተደባልቆ አንድ ላይ ተጨፍልቋል። ሁለት አጭር ሰረዝ የነበረው አንድ ረጅም ሰረዝ ሆኗል። እንግዶቹ በሙሉ በአንድ ክፍል የታጎሩ ፔንሲዮን መሰለኝ።

አራት ነጥብ መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «እኔ ነኝ ያፈረስኩት?» አለ።

«ገና አልገባም፣ ምንም አልፈረሰም» አለችው። «ዘበኛው ለዚህ አይደል የቆመው? ደግሞ ጥያቄ ነው የጠየቀህ፤ ‘ለምን’ ነው ያለህ።»

«ምን ብዬ ልመልስለት? ያፍራል ሰው።»

«የሆነውን ንገረዋ» አልኩት። «እንግዳ ሲመጣ ከየት ነህ አይባልም? አንተም ከየት እንደመጣህ ንገረው።»

ጻፈለት። በእኛ ጽሑፍ ዐረፍተ ነገር በአራት ነጥብ እንደሚያልቅ፣ ሰነፍ ጸሐፊ በዚያ ፈንታ «::» እንደሚመታ፣ እሱ ሃያ ዓመት ይህንን ሲያድን እንደኖረ፣ እጁ ከልማዱ የተነሣ እንደቀደመው። ይቅርታም ጠየቀ። ደብዳቤውን ለመጨረስ ምሽቱ አለቀ፤ የእህቱ ልጅ ኮምፒውተሩን ሳትወስድ ሄደች።

መልሱ በማግሥቱ ደረሰ። ዘበኛው ስቋል። መመሪያችንን ያበላሸ ሰው ሞልቷል፣ ሥርዓተ ነጥብ በማክበር ያበላሸ ግን የመጀመሪያው አንተ ነህ አለው። «እነዚያን መልሳቸውና ሥራህን ከፋፍለህ ላክልኝ። ሌላውን ሁሉ እፈልገዋለሁ» ብሎም ጨመረ።

«እፈልገዋለሁ ነው ያለው?» አልኩት።

«እፈልገዋለሁ ነው ያለው» አለኝ።

መመለሱ ቀላል አልነበረም። በአንድ ትእዛዝ ያጠፋውን በአንድ ትእዛዝ መመለስ አይቻልም፤ የትኛዋ ነጥብ የዱሮ ነጥብ እንደሆነች፣ የትኛዋ የሌባው ምትክ እንደሆነች ማሽኑ አያውቅም አለ። ልጅቷ ሰምታ፣ «የድሮው እኮ ተቀምጧል አጎቴ፣ እሱን አውጥቶ ‘::’ን ሳይነኩ እንደገና መጀመር ነው» ብትለው፣ «የሠራሁትንማ አልጥልም» ብሎ እንቢ አለ። ከሱቅ እየተመለሰ፣ አንድ በአንድ፣ በገዛ እጁ «::» ሲተክል ሰነበተ። ሃያ ዓመት ያሳደደውን ሌባ ክንዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመልስ ማየት ነበር! በመከራ ይመታውና፣ «ግባ፣ ምን አባህ» ይላል። እኔ ከጀርባው አፌን በእጄ ይዤ እስቃለሁ። ከመላኩ በፊት ደግሞ ታትሞ የሚመስለውን እያወጣ ያያል። አሁን ዐይኑን ብቻ አያምንም።

እትዬ መጥታ ስታገኘው እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ከመለሱብኝ ሱቅ እገባለሁ አላልክም? ተመልሶብሃል!»

«ተመለሰብኝ፣ ሱቅም ገባሁ» አለ። «አሁን ደግሞ ሥራዬ ተመልሶ ሊገባ ነው።»

«ነጥብ ብቻ ሳይሆን አፍም አለህ ለካ» አለች። ከብዙ ቀን በኋላ ስለተናገረ ደስ ብሏት መሰለኝ፣ ድርድሩን አሳጠረችው። ጧት ጧት ሱቅ ይውላል፣ ከሰዓት የራሱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ለሱቁ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ከዘበኛው የሚመጣው ምስጋና ብቻ ስለሆነ የጧቱ ገቢ ያስፈልገናል። ሌላ ምን ይባላል?

የመጨረሻው ክፍል ተቀባይነት ያገኘ ቀን ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልኛል። «‘ሁሉም ገብቷል። በዚህ መመሪያ ስም አመሰግንሃለሁ። የሚቀጥለውን ገጽ እጠብቃለሁ’» አለና ድንገት ቆመ።

«ምነው?»

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። ዘበኛው በሰው አገር ሥርዓት ሊያከብረው ፈልጎ፣ ደብዳቤውን የጨረሰው እንዲህ ነበር፦ «::»።

«አየህ፣ ላንተ ብሎ ነው» አልኩት። «ደግ ሰው ነው።»

«ደግ ነው» አለ። «በጣም ደግ ነው። ግን ይሄ አራት ነጥብ አይደለም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ ተወው።»

«እተወዋለሁ» አለ፤ እጁ ግን ቀድሞ መተየብ ጀምሯል። አጎንብሼ አየሁ። ምስጋናውን ከላይ ጽፎ፣ ከሥሩ ብቻዋን አንዲት «።» አስቀምጦለታል፤ ዘበኛው እንዳለች ገልብጦ ይውሰዳት ብሎ።

ወጡን አወጣሁና ሳህኖቹን ጉልበታችን ላይ አኖርኩ።